አቆምክ?

ሰውየው ጃኬቱን ለሦስተኛ ጊዜ አሸተተው። መጀመሪያ አንገትጌውን፣ ቀጥሎ የቀኝ እጅጌውን፣ በመጨረሻም ገልብጦ ገበሩን። ምንም የለም። ይሁን እንጂ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጭስ ሲወጣበት ሲገባበት የኖረ አፍንጫ ለምስክርነት አይበቃም፤ ይህን እሱም አያጣውም። ሌላ አፍንጫ ያስፈልገው ነበር። ሌላ አፍንጫ ደግሞ ከዚያ ቤት ከጠፋ አራት ዓመት አልፎታል።

ሚስቱ በሕይወት ሳለች እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም። ገና ከበሩ ሳያልፍ ቀረብ ትልና የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ስንት እንዳጨሰ ሁሉንም ከአንገትጌው ላይ ታነብለት ነበር። አሁን ክፍሉ መሐል ጃኬት ታቅፎ ቆሞ፣ የሚያሸትለት ሰው ከግድግዳው ይወጣ ይመስል ዙሪያውን ተመለከተ። ከዚያ ትናንት ማታ አጥቦ ያሰጣውን፣ ስፌት ስፌቱ ላይ ገና ያልደረቀውን ጃኬት እንደዚያው እርጥቡን ለበሰና የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ወጣ።

አናጢ ነው። ሰፈሩ ግን «ባቡር» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ጠዋት ጠዋት ከግቢው ሲወጣ መጀመሪያ ጭሱ፣ ቀጥሎ ሳሉ፣ በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ እሱ ራሱ ብቅ ይል ስለነበር ነው። ሲጋራ ማቆሙ በተሰማ ጊዜም ሰፈርተኛው ስሙን አልነጠቀውም፤ «ባቡሩ በኤሌክትሪክ መሄድ ጀመረ» ተባለ እንጂ። አርባ አራት ቀን ሙሉ በኤሌክትሪክ ሄደ። ትናንት ተቋረጠ።

ነገሩ በክፋት የመጣ ቢሆን ይቀለው ነበር። የመጣው በደስታ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ እንጨት መሰንጠቂያው ቤት ጣውላ ሲያስቆርጥ ሴት ልጁ ደወለችለት። «አባዬ፣ ነገ በአሥር ሰዓት ይዣት እመጣለሁ። አንተው ጋ ትደር» አለችው።

ይዣት የምትለው የአምስት ዓመት ልጇን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው እሱ ቤት ውስጥ አስሟ ተነሥቶባት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ወደ ሐኪም ቤት አሯሩጠዋታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሴት ልጁ የምትመጣው ብቻዋን ነው። አልተቆጣችም፤ «ተው» ብላም አታውቅም። በረንዳ ላይ ትቀመጣለች፣ ሻይዋን ትጠጣለች፣ የልጅቷን ፎቶዎች ከስልኳ ታሳየዋለች፣ ትሄዳለች። እሱም የልጅ ልጁን እድገት በአውራ ጣቱ እየገፋ ሲያይ ሁለት ዓመት አለፈው።

እና ትናንት ስልኩን ሲዘጋ የሚነግረው ሰው አጥቶ ደረቱ ሊፈነዳ ደረሰ። ዙሪያውን ቢያይ ያለው ሰንጣቂው ብቻ ነው። «የልጅ ልጄ ነገ እኔ ጋ ልታድር ነው!» ብሎ በመጋዙ ጩኸት መሐል ጮኸበት። ሰንጣቂው ሞተሩን አጠፋ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጠው፤ «እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ!» አለውና እንደ ሃያ ዓመት ልማዱ የሲጋራ ፓኮውን ዘረጋለት። የባቡር እጅ ከጭንቅላቱ ቀደመ። ምን እንደያዘ ልብ ያለው ሲጋራው ሊያልቅ አንድ ጣት ሲቀረው ነው። ሰንጣቂው ግን ቸር ሰው ነውና «ለመንገድህ» ብሎ ፓኮውን ከነቀሩት አራት ሲጋራዎች ኪሱ ከተተለት።

መጣል ነበረበት። አልጣለውም። ሚስማር ወደሚያኖርበት ቆርቆሮ ወረወረውና ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ገጠመበት፣ ሚስማሮቹ ይጠብቁለት ይመስል። አሁንም በመንገዱ ላይ ሣጥኑ በተወዛወዘ ቁጥር ቆርቆሮው ይንሿሿል፤ በመንሿሿቱ መሐልም አንድ ድምፅ ይሰማዋል። «አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ። አራቱን ጨርስና ሰኞ እንደ አዲስ ትጀምራለህ።» ድምፁን ያውቀዋል፤ የገዛ ራሱ ነው። ሰኞንም ያውቃታል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሰኞ ቀጥሮ እንዳስቀረ እሷ ትናገር።

የዛሬው ሥራ ጡረታ የወጡት የቋንቋ መምህርት ቤት ነው። የጓዳቸውን በር መቃን ምስጥ በልቶት ሌላ ሠርቶላቸዋል፤ ዛሬ ማቆም ብቻ ነው የቀረው። ሲደርስ መምህርቷ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ ዘርግተው በቀይ እስክርቢቶ ስሕተት ያርማሉ። ይህ የዘወትር ሥራቸው ነው። ጋዜጣው ለማንም አይመለስም፤ አርመው ሲጨርሱ አጣጥፈው ከሌሎቹ ላይ ይደረድሩታል።

«ማንም የማያየውን ምን ያደክሞታል፣ እትዬ?» አላቸው ሣጥኑን እያስቀመጠ።

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ።

መቃን ማቆም የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይይዛል፤ ሌላው ቱንቢውን በክሩ አንጠልጥሎ እንጨቱ ወዴት እንዳዘመመ ያያል። ባቡር ግን ብቻውን መሥራት ከጀመረ ቆይቷል። አንዱን ቋሚ በትከሻው ይደግፋል፣ ሌላውን በጣውላ ያስወጥራል፣ ሽብልቁን በጥርሱ ይነክሳል። ድሮ በጥርሱ የሚይዘው ሲጋራ ስለነበር ሽብልቁን ኪሱ ውስጥ ሲፈልግ መቃኑ ይወድቅበት ነበር። በዚህ በኩል ማቆሙ ጠቅሞታል ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል ግን ጎድቶታል። በሽብልቁና በግድግዳው መካከል ሁልጊዜ የፀጉር ያህል ክፍተት ይቀራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ክፍተት የሚደፍነው ከኪሱ የሚያወጣውን የሲጋራ ፓኮ ቀድዶ፣ ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ በማስገባት ነበር። ልኩ እሱ ነው። ካቆመ ወዲህ ጋዜጣ ሞከረ፤ ልፍስፍስ ሆነበት። የጫማ ካርቶን ሞከረ፤ ወፈረበት። በከተማው ውስጥ እሱ ያቆማቸው በሮች በሙሉ ከጀርባቸው የእሱን ጭስ ማስረጃ ይዘዋል፤ የዚህ በር ብቻ ቱንቢው እየተንቀጠቀጠ አልረጋ አለ።

ሽብልቁን መታ፤ ዘለለበት። ደግሞ መታ፤ ደግሞ ዘለለ። ሦስተኛውን ሲመታ መዶሻው አውራ ጣቱን አገኘው። መቃኑን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ የሚስማሩን ቆርቆሮ አነሣ፤ በጓዳው በር ወደ ጓሮ ወጣ።

ጓሮው ጠባብ ነው። አንድ ባልዲ የቆሸሸ ውኃ፣ አንድ የደረቀ አበባ ያለበት ማሰሮ፣ ወደ ሳሎኑ የተከፈተ አንድ መስኮት። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ክዳኑን ከፈተ። አንዱን አወጣ። ከንፈሩ እንደ ድሮ ወዳጅ ተቀበለው። ክብሪት ፍለጋ ኪሶቹን አንድ በአንድ መዳበስ ጀመረ።

«አቆምክ?»

የመምህርቷ ድምፅ ነው፣ በመስኮቱ በኩል። ባቡር ሲጋራውን ከከንፈሩ መንጭቆ በመዳፉ ሸሸገው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጥፍሩን ሊታይበት የተሰለፈ ተማሪ ግን ከውስጡ አልወጣም።

«አቁሜ ነበር፣ እትዬ» አለ። «ትናንት ግን... አንድ ብቻ።»

ጋዜጣ ሲታጠፍ ተሰማ።

«አንድ ብቻ? ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛውን አልነካሁትም! እውነቴን ነው። አራቱም እዚሁ ሚስማር ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው።» ሦስቱ ማለቱ ነበር፤ አራተኛው መዳፉ ውስጥ እየላበ ነው።

«አራት?» ወንበር ተንቋቋ። «የእኔ በር ስንት ቋሚ ነው ያለው፣ አንተ ሰው? ቆርቆሮ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ምን ዓይነት ቋሚ ነው?»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በመስኮቱ ብቅ አሉ። የተጨበጠውን እጁን አዩ፣ የተከፈተውን ቆርቆሮ አዩ፣ ፊቱን አዩ።

«እኔ መቃኑን ነው የጠየቅኩህ» አሉ በዝግታ።

ባቡር ያን ጊዜ ነው የገባው። መዶሻው ዝም ቢል «መቃኑን አቆምክ ወይ» ማለታቸው ነበር ሴትዮዋ። ለአንድ ነፍስ ያልነገረውን፣ ሌሊቱን ሁሉ በሆዱ ይዞ የተገላበጠበትን፣ ሳይጠይቁት አውጥቶ አስረከባቸው። መዳፉን ከፈተ። ሲጋራው ጎብጦ ተኝቷል። መምህርቷ ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ፤ ምክንያቱም ሰውየው አልሳቀም።

«ግሡ ነው ጉድ የሠራን» አሉ። «አቆመ። አንድም የሚሄደውን ገታ፣ አንድም የተጋደመውን ቀጥ አደረገ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ግማሹ ክፍል ይሳሳትበታል።»

«የእኔስ የትኛው ነው፣ እትዬ?»

«እኔ ምን ዐውቄ! በእኛ ቋንቋ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ያላለቀ ዐረፍተ ነገር አላርምም።» መነጽራቸውን አወረዱ። «ይልቅ ና፣ ልያዝልህ።»

ገቡ። ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው ሴት መቃኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆሙ። ቀጫጭን ክንዶቻቸው ያን ያህል ኃይል አልነበራቸውም፤ ግን ያዙት። ባቡር ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር ሲያወጣ፣ ለብዙ ጊዜ ተሸክሞት የኖረው ነገር ክብደት የታወቀው ያን ጊዜ ይመስል ተንገዳገደ። ቱንቢውን ለቀቀ። የቱንቢው እርሳስ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ተከሉበት። ረጋ።

«በስተግራ የፀጉር ያህል ይቀረዋል» አለ።

ቆርቆሮውን አነሣ። ሦስቱን ሲጋራዎች ከፓኮው አራግፎ ከጎባጣው ጋር በመዳፉ ያዛቸው። ፓኮውን ቀደደው፤ ሁለት ጊዜ አጠፈው፤ ከሽብልቁ ጀርባ አስገብቶ አንድ ጊዜ ብቻ መታ። ልክ ገባ። ቱንቢው ከእንጨቱ ጋር ጎን ለጎን ወረደ።

«እነዚያስ?» አሉ መምህርቷ በአገጫቸው ወደ መዳፉ እያመለከቱ።

ወደ ጓሮ ወጥቶ ባልዲው ውስጥ ጣላቸው። ወዲያው አልሰመጡም። ተንሳፈፉ፣ ከዚያ ወረቀታቸው ተላቀቀ፣ ትንባሆው እንደ ሻይ ቅጠል ተበተነ። እውነቱን ለመናገር አዘነላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ትንሽ ጊዜ አይደለም፤ ሚስቱንም የቀበረ ቀን ከጎኑ ያልተለዩት እነሱ ነበሩ።

መሣሪያውን ሲሰበስብ ቆይቶ ቆይቶ፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ባስቸግርዎት» አለ። «ጃኬቴን ያሸቱልኛል?»

መምህርቷ ሳያቅማሙ ቀርበው አንገትጌውን አሸተቱ።

«ሳሙና» አሉ።

«ሌላስ?»

«ሌላም ሳሙና። ይህን ያህል ሳሙና የሚሸት ሰው አንድ ነገር አድርጓል።» ቀና ብለው ዐይን ዐይኑን አዩት። «ልጅህ ታውቃለች?»

«አታውቅም። በአሥር ሰዓት ትንሿን ይዛት ትመጣለች፤ እኔ ጋ ልታድር። ብነግራት...»

አልጨረሰውም። እሳቸውም አልጨረሱለትም። አዲሱን መቃን በመዳፋቸው አንዴ ዳሰስ አድርገው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ፤ እሱ ሲወጣ ቀዩ እስክርቢቶ ወረቀቱ ላይ ሲፋጭ ይሰማው ነበር።

ከሰፈሩ መግቢያ ያለው ባለሱቅ ገና ከሩቅ ሲያየው እጁ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄደ፤ መንገድ ላይ አስታወሰና መለሰው። «ልማድ እኮ ነው ባቡር፣ አትቀየመኝ» አለ። ባቡር ወተት ጠየቀ። «ወተት! በወተትም መሄድ ጀመርክ እንዴ?» ብሎ ባለሱቁ ተንፈቀፈቀ። ባቡርም ሳቀለት። በሌላ ቀን ቢሆን የልጅ ልጁ እንደምትመጣ ይነግረው ነበር። ዛሬ ግን ደስታውን ለሰው መንገር ፈራ።

ቤቱ እንደተወው ጠብቆታል። ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፣ መጋረጃው ታጥቧል፣ መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ጥጉ ላይ ትንሿ አልጋ አለች። በትርፍ ሰዓቱ ነው የሠራት። ሽታው የልጅቷን ደረት እንዳይዝ ብሎ ቫርኒሽ አልቀባትም፤ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አሽቶ የሕፃን ጉንጭ አስመስሏታል። ልጅቷ በስልክ «አልጋዬ ምን ቀለም ነው?» ባለችው ጊዜ «የእንጨት ቀለም» ብሏት፣ እንዲህ ያለ ቀለም የለም ብላ ተከራክራዋለች።

ከመሣሪያ ሣጥኑ እርሳስ አወጣና ወለሉ ላይ በጀርባው ተኛ። ጭንቅላቱን ወደ አልጋዋ ሥር አስገባ። ሰው ገብቶ ቢያየው ምን ይለው እንደነበር እንጃ፤ ደግነቱ የሚገባ ሰው የለም። ከጣውላው በታች፣ ማንም በማያየው በኩል፣ በእርሳስ የተሠመሩ መሥመሮች አሉ። አርባ አራት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በጣም የተጫኑ፣ እንጨቱን የጎዱ፤ ኋላ ኋላ ቀለል ያሉ። የትናንቱ የለም።

የእርሳሱን ጫፍ ከአርባ አራተኛው አጠገብ አሳረፈ። እዚያው አስጠግቶ ቢያሠምር ማን ያውቃል? ወይም ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ከጥግ ጀምሮ አንድ ቢል? አርባ አራቱን ተመለከታቸው። የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ ያጣበት ነው። አሥራ ሰባተኛው ቀን የሚስቱ ሙት ዓመት ነበር፤ ያን ቀን ሳያጨስ ውሏል። እነሱ ደግሞ ምን አድርገው ይፋቃሉ?

እጁን ራቅ አደረገ። የአንድ ጣት ስፋት ባዶ ትቶ፣ ከባዶው ወዲያ አንድ መሥመር አሠመረ። እንደወለቀ ጥርስ ያስታውቃል። እንዳስታወቀ ተወው።

ከአልጋው ሥር ሳይወጣ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የሴት ልጁ ቁጥር ላይ አውራ ጣቱ አንዣበበ። አሁን ከነገራት ከቤቷ ላትነሣ ትችላለች። ሳይነግራት ከመጣች ግን ቢያንስ ደጅ ድረስ ትደርሳለች፤ ትንሿንም ለአፍታ በዓይኑ ያያታል። ይህ ለራሱ ማድላት እንደሆነ ዐወቀ። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀመጠና መሥመሮቹን እያየ ሰዓቱን ጠበቀ።

ታክሲው የደረሰው አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ባቡር የግቢው በር ላይ ቆሟል። በሩን ካቆመው ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ሴት ልጁ ወረደች፣ በትከሻዋ ሻንጣ፣ በእጇ የልጅቷ የመድኃኒት ቦርሳ፤ ትንፋሽ ሲያጥራት የምትስበው ነገር ከዚያች ቦርሳ አይለይም። ቀጥላ ትንሿ ዘለለች። ከፎቶው ትረዝማለች። አንድ የፊት ጥርሷ የለም፤ ይህንን ስልኩ አልነገረውም።

«አባባ! አልጋዬ የታለ?» ብላ በአጠገቡ ልታልፍ ስትል ቀስ አድርጎ ትከሻዋን ያዛት። አንድ እግሯ ከግቢው ውስጥ፣ አንድ እግሯ ከውጭ ቀረ።

«ልጄ፣ ቆይ» አለ ወደ ሴት ልጁ ዞሮ። «ሳትገቢ።»

ፊቱን አይታ ፈገግታዋ ተቋረጠ።

«ትናንት አንድ ሲጋራ አጨስኩ። እዚህ አይደለም፤ እንጨት ቤት ነው። አንቺ ስትደውዪልኝ... ደስ ብሎኝ። አርባ አራት ቀን ነበር። ከዛሬ ወዲያ ደግሞ እኔ...»

ግሡ አልመጣለትም። የሚያውቃቸው ግሦች ሁሉ ባለፉት ዓመታት ለዚችው ሴት ልጁ ቃል የገባባቸው ናቸው፤ አንዱም እንደ አዲስ የሚነገር አልነበረም።

ሴት ልጁ ከትከሻው በላይ ቤቱን ተመለከተች። የተከፈቱትን መስኮቶች፣ የታጠበውን መጋረጃ። የመድኃኒቷን ቦርሳ በደረቷ ያዘች። ታክሲው ገና አልሄደም፤ ሾፌሩ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል።

«እንድትነግረኝ ማን አዘዘህ?» አለች።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

«እኔ ስለማውቀው።»

ትንሿ ቀና ብላ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አያቷን አየች። «እማዬ፣ እንግባ ወይስ አንግባ?» አለች።

«አሁንስ አባዬ?» አለች ሴት ልጁ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «አቁመሃል?»

አፉን ከፈተ። ዛሬ ይህ ቃል ለሁለተኛ ጊዜ መጣበት፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የቱን እንደጠየቀችው አልተምታታበትም፣ ምናልባትም ሁለቱንም ስለጠየቀችው ይሆናል።

እሷ መልሱን አልጠበቀችም። ሻንጣውን መሬት ላይ አሳረፈች። አንድ እርምጃ ቀርባ፣ እናቷ ታደርገው እንደነበረው፣ አፍንጫዋን ወደ አንገትጌው አስጠጋች። ከጀርባቸው የታክሲው ሞተር አልጠፋም። ባቡር አንድ እጁን ከትንሿ ትከሻ ሳያነሣ፣ ቱንቢ እንደሚጠብቅ መቃን ቀጥ ብሎ፣ ሳይተነፍስ ቆመ።